ጉልበት ስንት ዋት ነው?

ምንጣፍ አጣቢ ሰው ቤት ሲገባ እንግዳ የማያየውን ያያል። ሶፋው ሲገፋ ከሥሩ የልጅ እርሳስ፣ የደረቀ ፈንዲሻ፣ ከርሞ የጠፋ ሪሞት ይወጣል። ቡናው የት እንደሚፈላ፣ አባወራው የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ሕፃኑ የት እንደሚድህ ምንጣፉ ራሱ ይናገራል። ባለቤቶቹ ይህን ሁሉ ለማያውቁት ሰው ከፍተው የሚሰጡት አንድ ነገር አምነው ነው፤ ይህ ሰው ያጸዳል እንጂ አያበላሽም ብለው።

የአክስቴ ልጅ በዚህ እምነት ላይ ኑሮዋን ከመሠረተች ስምንት ዓመት ሆናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። ደንበኞቿ እዚሁ ጉለሌ ናቸው፤ ከሽሮ ሜዳ ዳገት እስከ አዲሱ ገበያ፣ ወደ ታች ደግሞ እስከ ጳውሎስ ሆስፒታል ዙሪያ። ሁለት ወጣት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ። ያላቸው ዕቃ አንድ ውሃ የሚመጥ ቫኪዩም፣ የሳሙና መርጫ፣ ባልዲና የእጅ ብሩሽ ነበር። አሠራራቸው አራት ደረጃ አለው፤ አቧራውን በቫኪዩም ይስባሉ፣ ሳሙና ይረጫሉ፣ ተንበርክከው ይፈገፍጋሉ፣ በመጨረሻ በንጹህ ውሃ አጥበው ውሃውን መልሰው ይመጣሉ። ከአራቱ ሰው የሚጎዳው ሦስተኛው ላይ ነው። ሦስት በአራት የሆነ ምንጣፍ 12 ካሬ ሜትር ነው። መዳፍ በምታህል ብሩሽ ያንን ሁሉ ቦታ ደጋግሞ ማሸት ምን ማለት እንደሆነ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ቤት ሲሆን ደግሞ ወገብና ጉልበት ላይ ምን እንደሚያደርግ ማስላት አይከብድም።

አምና የእታለም ጉልበት አበጠ። ሐኪሙ "መንበርከክ ተዪ" አላት። ይህን ስትነግረን እየሳቀች ነበር፤ "መንበርከኩን ልተውና ምን ልብላ?" ነው ያለችው። በዚያው ሰሞን የዕቁብ ዕጣ ወጣላትና የመፈግፈጊያ ማሽን ለመግዛት ወሰነች። ከዚያ ደወለችልኝ። "አንተ ኢንጂነር አይደለህ? የቱን ልግዛ?"

የተመረቅሁት በኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ የምተዳደረው ግን ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። ዘመድ ዘንድ ይህ ልዩነት አይታወቅም። ፍሪጅ ቢበላሽ፣ ዲሽ ቢዞር፣ ቆጣሪው ካርድ አልቀበል ቢል የሚጠራው "ኢንጂነሩ" ነው። ይሄኛው ጥያቄ ግን ከሌሎቹ ከበድ ይላል። ገንዘቡ የስንት ወር ዕቁብ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ጨምሯል፤ ተሳስቶ መግዛትና እንደገና መግዛት የሚባል ነገር የለም።

አማርኛችን "ጉልበት" ሲል ሁለት ነገር ይላል፤ የሚታጠፈውን የእግር መገጣጠሚያም፣ ኃይልንም። እታለም የፈለገችው የመጀመሪያውን ለማዳን ነው። ገበያ ስንወጣ ግን ሁሉም የሚያወራን ስለ ሁለተኛው ነበር። ገዢው "ስንት ዋት ነው?" ይላል፤ ሻጩ ትልቁን ቁጥር ይጠራል፤ ገዢው ራሱን ይነቀንቃል። ዋት ግን የሚነግረን ማሽኑ ከቆጣሪው ምን ያህል እንደሚወስድ ነው። ምንጣፉ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. በ1959 ኸርበርት ሲነር የተባለ፣ ሄንክል በሚባለው የጀርመን ሳሙና አምራች ኩባንያ የሚሠራ የኬሚካል መሐንዲስ ዕጥበትን በአራት ክፍል አስቀመጠው፤ ኬሚካል፣ ሙቀት፣ ጊዜ እና ማሸት። አንዱ ሲቀንስ ሌላው መጨመር አለበት ነው ነገሩ። እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁ ይሠሩበታል። ጋቢ በኦሞ ዘፍዝፈው የሚያሳድሩት ጊዜውን ጨምረው ማሸቱን ለመቀነስ ነው።

ይህንን ክብ ወደ ጉለሌ ቤት እናምጣው። ሙቀት ውድ ነው፤ ውሃው የሚሞቀው በደንበኛው ቆጣሪ ካርድ ነው። በዚያ ላይ ከፍታችን ከ2,500 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ ከ92 ዲግሪ ሳያልፍ ይፈላል። ጊዜም የለም፤ ባለቤቷ ሶፋው ውጭ ወጥቶ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊመጡ ሆኖ ቆማ ነው የምትጠብቀው። ሳሙና መጨመር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያልወጣ ሳሙና ምንጣፉ ውስጥ ይጣበቅና በሳምንቱ አዲስ አቧራ ይይዛል። እሱን ለማስወጣት ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው፣ አንዳንዴ ያለው በርሜል ውስጥ የተጠራቀመው ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ሲጠቡ ሸክሙ ሁሉ አራተኛው፣ ማሸቱ ላይ ይወድቃል። የእታለም ጉልበት ያበጠው እዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው።

ማሽኖቹን ስናይ በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ባለ አንድ ዲስክ ነው። ከሥሩ ትልቅ ክብ ብሩሽ አለው፤ የተለመደው ስፋት 17 ኢንች፣ ማለትም 43 ሴንቲሜትር ነው። በደቂቃ 175 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ሲሰላ የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 4 ሜትር አካባቢ ይሮጣል፤ መሃሉ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ክብደቱ 40 ኪሎ አካባቢ ነው። እጀታውን ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ወደ አንድ ጎን፣ ዝቅ ሲያደርጉት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ያልለመደውን ሰው ይዞት ይሄዳል ማለት ይሻላል። ጠንካራ ነው፣ ጠርዙ ላይ የሚያገኘውን ቆሻሻ አይምርም።

ሁለተኛው የሚንቀጠቀጠው ነው። ሳህኑ እንደ መጀመሪያው በትልቁ አይሽከረከርም፤ በጣም ትንሽ ክብ በከፍተኛ ፍጥነት እየሠራ ይርገበገባል። እጅን አይጎትትም፣ ለመያዝ ቀላል ነው። አጭር ጸጉር ላለው ለቢሮ ምንጣፍ ግሩም ነው፤ ጸጉሩ ረዘም ሲል ግን ላዩን አሳምሮ ታቹን ይተወዋል።

ሦስተኛው ባለ ሁለት ጥቅል ነው። ሁለት ረጃጅም ብሩሾች ጎን ለጎን ተኝተው በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። የተኛውን የምንጣፍ ጸጉር እንደ ማበጠሪያ ከሥር ቀና ያደርጉታል፤ የሰው ጸጉር፣ ክርና አሸዋ እያወጡ ጎን ላይ ባለ ትሪ ይሰበስባሉ። አንደኛው ብሩሽ ወደፊት ሲጎትት ሌላው ወደኋላ ስለሚጎትት ኃይላቸው አብዛኛው እርስ በርሱ ይጣፋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኛ አገር ቤት ግን ዋናው ነገር እሱ ነው።

ምክንያቱም ማንኛውም የቤት ማሽን ውስጡ አንድ ቤት ይዞ ነው የሚመጣ። እ.ኤ.አ. በ1901 እንግሊዛዊው ኸበርት ሲሲል ቡዝ የሠራው የአቧራ መምጠጫ በፈረስ የሚጎተት ነበር። ማሽኑ መንገድ ላይ ቆሞ ቱቦው በመስኮት ይገባል፤ በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር አቢን ምንጣፎች ያጸዳው እሱ ነው። ያ ማሽን ሰፊ መንገድና ትልልቅ መስኮት ያለውን ሀብታም ቤት አስቦ የተሠራ ነው። ባለ አንድ ዲስኩም እንዲሁ ሌላ ቤት ያስባል፤ ምንጣፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተወጠረበትን የፈረንጅ ቤት። እዚያ ዲስኩ ቢጎትትም ምንጣፉ ንቅንቅ አይልም። የእኛ ሳሎን ምንጣፍ ግን ሴራሚክ ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ ላይ የተዘረጋ፣ አራት ጠርዝና ሁለት ዘርፍ ያለው፣ ሰው ሲረግጠው እንኳ የሚሸሽ ነገር ነው።

ይህንን ከመግዛቷ በፊት በዓይኗ አየችው። ባለ አንድ ዲስክ ማሽን ለሁለት ቀን ተከራየች። የመጀመሪያው ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለውም። ማሽኑን ለማውጣት ሁለት የቀን ሠራተኛ ከፈለች። የቤቱ እናት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ምንጣፉን ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው ናት የላከችላቸው። ማሽኑ መሃሉ ላይ እያለ ደህና ነበር። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ምንጣፉ ተሰብስቦ ዲስኩ ሥር ገባ፣ ዘርፉንም አንድ ክንድ ያህል ጠቅልሎ ቆረጠው። እትዬ ምንም አልተናገሩም። ጎንበስ ብለው የተቆረጠውን ክር ለቀሙና መዳፋቸው ላይ ያዙት። እታለም "ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር" ትላለች።

ምንጣፉን አጥባ ጨርሳ፣ አስፈቅዳ ወደ ሽሮ ሜዳ ይዛው ወረደች። እዚያ የነጠላ ዘርፍ የሚቋጥሩ ሸማኔዎች አሉ። አንደኛው ተመሳሳይ ክር ፈልጎ፣ እየፈተለ እየቋጠረ ተካው። የዚያን ቀን ሒሳብ ብትጠይቋት ትነግራችኋለች፤ የማሽን ኪራይ፣ የሸካሚ፣ የሸማኔ፣ የታክሲ። የእጥበቱን ዋጋ ከእትዬ አልተቀበለችም።

እኔን ግን ያሳሰበኝ ከዘርፉ ይልቅ ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን ማሽኑን ሊይዝ የቻለው ለሸክም የመጣው ጎልማሳ ብቻ ነበር። አብረዋት የሚሠሩት ልጆች፣ አንደኛዋ 19 ዓመቷ ነው፣ እጀታውን ሲይዙት ይዞራቸው ነበር። ሳሙና ሲረጩ፣ ውሃ ሲያቀብሉ ዋሉ። ሰውዬው ለእታለም ሲመክራት "አንድ ወንድ ብትቀጥሪ ሁለቱ አያስፈልጉሽም" አላት። ትክክል ነበር። ማሽኑ እንዲህ ከሆነ ሁለቱ አያስፈልጉም። ለምን ዓመት የለመዱት፣ የቱ ቀለም እንደሚለቅ፣ የቱ እድፍ በምን እንደሚወጣ የሚያውቁት ቀርተው ማሽኑን መግታት የሚችል ሰው ይተካል።

በእኔ ሥራም ይህ አለ። አንድ ቡድን አዲስ መሣሪያ ሲመርጥ ስለ ፍጥነቱ ነው የሚከራከረው፤ ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ግን የተመረጠው መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ሰዎቹም ጭምር ሆነው ይገኛሉ። መሣሪያውን የሚችል ይቀራል፣ የማይችል ይወጣል። ማሽን የሚገዛ ሰው ማን እንደሚሠራበትም አብሮ እየመረጠ ነው። የዋት ቁጥሩ ላይ ይህ አልተጻፈም።

በዚህ መሃል ሜሪላንድ ያለው ወንድሟ "ከዚህ ያገለገለ ግን ጠንካራ ማሽን ልላክልሽ" አለ። መቼም የወንድም ነገር ነው፤ ደስ አላት። እኔ የሞተሩን ታርጋ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ለመንኩት። 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የቮልቱን ችግር ነው፤ "ትራንስፎርመር ይገዛል" ይባላል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ የእኛ መስመር ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። እንዲህ ያለ ኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነቱ የሚወሰነው በኸርዙ ነው፤ 120ን በኸርዙ አባዝቶ ለፖሎቹ ቁጥር ማካፈል ነው። ባለ 4 ፖል ሞተር በ60 ኸርዝ 1,800፣ በ50 ኸርዝ 1,500 ይወጣል። 175 ዙር የነበረው ብሩሽ ወደ 146 ይወርዳል ማለት ነው። ፍጥነቱ መቀነሱ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ለ60 የተሠራ ሞተር በዚያው ቮልት 50 ላይ ሲሠራ ግን ብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢስ ከልኩ ያልፍና ብዙ ከረንት እየሳበ ይሞቃል። ሰው ሳሎን ውስጥ፣ እርጥብ ምንጣፍ ላይ እንዲህ ያለ ሞተር አልፈልግም። ወንድሟን አመስግነን በምትኩ ጥሩ የጉልበት መከላከያ እንዲልክ ነገርነው፤ ላከ።

የኤሌክትሪኩ ነገር በዚህ አያበቃም። ትልቅ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው። ባለቤቷ ጓሮ እንጀራ እየጋገረች ሳሎን ውስጥ ትልቅ ማሽን ከተነሳ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ምጣዱ ላይ ያለው ሊጥም ይበላሻል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ከሆነ ደግሞ ገመዱ ራሱ ይሞቃል። ስለዚህ ዋት ትልቅ መሆኑ አንዳንዴ በረከት ሳይሆን ጣጣ ነው።

ከማሽኑ በፊት ግን ምንጣፉን መጠየቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሳሎን ውስጥ ያለው ከቱርክ የሚመጣ፣ በማሽን የተሠራ የፖሊፕሮፒሊን ምንጣፍ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ማለት ማዳበሪያ የምንለው ጆንያ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ውሃ አይጠጣም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ቅባት ግን ይወዳል። የወጥ ዘይትና የቅቤ ጠብታ ክሩን ይዞ የሚቀረው ለዚህ ነው። ይህንን ጉልበት አያስለቅቀውም፤ ተስማሚ ሳሙና ተረጭቶ አሥር ደቂቃ ሲጠበቅ ነው የሚለቀው። አንዳንድ ቤት ደግሞ የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ አለ፣ በእጅ የተቋጠረ። የሱፍ ክር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ እርጥበት፣ ሙቀትና ማሸት ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ ይያያዙና ይኮማተራል። ወደ ቦታው አይመለስም። ለሱፍ ቀዝቀዝ ያለ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ነው፣ በእጅ። አጎዛም ማሽን አይነካውም።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ፈተና አላቸው። ነጭ ፎጣ በሳሙናው ውሃ አርጥበው ሶፋ የሚሸፍነው ጥግ ላይ ጫን አድርገው ይይዛሉ። ፎጣው ላይ ቀለም ከወጣ ማሽኑ ከሳጥኑ አይወጣም። ይህንን የሚያደርጉት ሁልጊዜ ነው፤ ባለቤቷ "ከዚህ በፊት ታጥቧል፣ ምንም አይሆንም" ብትልም።

በመጨረሻ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ጻፍን። ልቅ ምንጣፍ ላይ ሲሠራ ይጎትታል ወይ? ከልጆቹ አንደኛዋ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ታወጣዋለች ወይ? 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው ወይ? ሲበላሽ እዚህ ይጠገናል ወይ? ስንት ዋት እንደሆነ ከአራቱ ውስጥ የለም።

አራተኛውን ለማወቅ ሻጩ ማሽኑን እንዲከፍተው ጠየቅነው። አልወደደውም፤ ከፈተ ግን። ብሩሹ ያለ መፍቻ ይወጣል። ቺንጋው መርካቶ የሚገኝ ዓይነት ነው። ኩሽኔታው ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ፤ 6203። ይህ ቁጥር ያለበት ኩሽኔታ የትም አገር ቢሠራ ውስጡ 17፣ ውጩ 40 ሚሊሜትር ነው። አንድ ቀን ሲያልቅ የፋብሪካውን ስም የሚጠይቅ የለም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው።

የገዛችው ባለ ሁለት ጥቅሉን ነው፤ ከትልቁ መሃከለኛውን፣ 18 ኪሎ የሚመዝነውን። ሁለት ዓይነት ብሩሽ አብሮት አለ፣ ለስላሳና ጠንከር ያለ። ከሳሙናው በፊት በደረቁ አንዴ ያስኬዱታል፤ ቫኪዩሙ ያልደረሰበትን አሸዋ ያኔ ነው የሚያወጣው። አሸዋው ሳይወጣ ውሃ ቢነካው ጭቃ ነው የሚሆነው። ዘርፉ ጋ ሲደርሱ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ያቆማሉ፤ ያንን በእጅ ይጨርሱታል። እንጂማ ማሽኑ ዘርፍ አይበላም ማለት አይደለም።

ሁሉን ነገር አልፈታም። ረጅም ጸጉር ያለው ምንጣፍ ጥቅሉ ላይ ይጠመጠማል፣ እሱን አሁንም በእጅ ነው የሚሠሩት። ክረምት ላይ ምንጣፍ አልደርቅ ማለቱን ማንም ማሽን አላስቀረውም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራቸው ግማሽ ነው። ሱፍ በመጣ ቁጥር መንበርከክ አለ፤ ተራ በተራ ያደርጉታል፣ የእታለም ተራ ሲደርስ ልጆቹ ይዘሏታል። ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ደረጃ ስትወርድ ግን እንደ በፊቱ አጥሩን አትይዝም።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ማሽኑን ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ ያንኑ የተለመደ ጥያቄ ጠየቋት። "ስንት ዋት ነው?" እታለም ቁጥሩን ታውቀዋለች፣ ታርጋው ላይ አብረን ነው ያነበብነው። እሷ ግን ማሽኑን በአንድ እጇ ይዛ ደረጃውን እየወጣች ወደነበረችው የ19 ዓመት ልጅ አገጯን ቀና አድርጋ "የእሷን ያህል ነው" አለቻቸው። ልጅቷ ባለፈው ወር ዕቁብ ገብታለች። ዕጣው ሲወጣላት የራሷን ማሽን ልትገዛ ነው፤ የቱን እንደምትገዛ እኔን አልጠየቀችኝም።